አውጪና ተቀባይ

በ2020 ጁን መጀመሪያ ላይ፣ በአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ቢልመር በሚባለው ሰፈር፣ በሰዓት በምትከራይ አንዲት አዳራሽ ውስጥ፣ ስምንት ወጣቶች በግድግዳ ላይ ከተወጠረ ነጭ ጨርቅ ፊት ቆመው ማጨብጨብ ጀመሩ። በጨርቁ ላይ የሚታዩት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የተሰበሰቡ አምስት ተወዛዋዦችና መምህርታቸው ነበሩ፤ እነሱም ያጨበጭባሉ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ስደተኛ ወረቀቱ በተጻፈበት አቆጣጠር መኖርን ይለምዳልና።) ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ምት ያጨበጭባሉ፤ ምቱ ከጸና በኋላ ትከሻ ይከተላል፤ ከዚያም አንድ ውዝዋዜ በሁለት አገር ይሠራል። በቢልመር ያሉት ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ሦስቱ ከሮተርዳም፣ ሁለቱ ከዘ ሄግ በባቡር የመጡ ሲሆኑ አማርኛቸው ከእናታቸው ማእድ ቤት ብዙም አይርቅም። የወረርሽኙ ሕግ እርስ በርሳቸው እንኳ አንድ ሜትር ተኩል ተራርቀው እንዲቆሙ ያስገድዳቸው ነበር። እኔ በአስተርጓሚነት ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጭብጨባው ከበደ። ከዚያም ተጎተተ፤ ለቅሶ ቤት የሚሰማ ዓይነት ሆነ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ወገን እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ሳቅን። ደግመን ሞከርን፤ እንደገና ሞተ።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ከአምስተርዳም እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ገመዱ ባሕሩንና ተራራውን ሳይዞር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ፣ አንድ ጭብጨባ ከቢልመር ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ 28 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ነገሩን የመረመሩ የሙዚቃ አጥኚዎች ደግሞ ሰዎች በአንድነት መምታት የሚያቅታቸው መዘግየቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሴኮንድ ሲደርስ እንደሆነ ይናገራሉ። በዚህ ቅጽበት ድምፅ በአየር ውስጥ አሥር ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ተፈጥሮ ራሷ፣ ምንም እንቅፋት ባይኖር፣ እኛንና እነሱን በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሁለት ጫፍ ላይ አቁማናለች ማለት ነው። በተግባር ግን ገመዱ ይዞራል፤ ካሜራውም ኮምፒዩተሩም የየድርሻቸውን ይቆርጣሉ። እኛ የገጠመን መዘግየት ሩብ ሴኮንድና ከዚያም በላይ ነበር። ይህ በአየር ቢለካ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ ርቀት ማንም ችክችካ አይመታም።

ከቁጥሩ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ምቱ የሞተበት ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ጭብጨባ ዘግይቶ ይሰማል። ወዳጁን ጥሎ ላለመሄድ ሲል የራሱን ያዘገያል። ያኛው ደግሞ ይህን የዘገየውን ዘግይቶ ሰምቶ፣ እሱም በበኩሉ ይጠብቃል። ማንም አልሰነፈም፤ ማንም አልቸኮለም። ምቱን የገደለው የሁለቱም ትሕትና ነው።

ይህን ስረዳ ስለ ውዝዋዜ ማሰቤን ትቼ ስለ ስልክ ማሰብ ጀመርሁ። ስደት ላይ የኖረ ሰው ይህን መጠባበቅ ያውቀዋል። ወንድም አገር ቤት ሆኖ «ባዶ እጁን መደወል አፍሮ ይሆናል፤ ባላስጨንቀው» ይላል። እዚህ ያለው «የምልከው ሳልይዝ ምን ብዬ እደውላለሁ» ይላል። ዓመት ያልፋል። መርዶ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በወጋችን ሞት በስልክ አይነገርምና፣ የሰፈሩ አረጋውያን ተጠራርተው በማለዳ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ወሬው በሰው ጓዳ ይታሸጋል። በቢልመር አሥረኛ ፎቅ ላይ በንጋት አሳንሰር ሲቆምና የብዙ ሰው እግር ሲሰማ ልቡ ያልወደቀ ሐበሻ የለም። ይህ ሁሉ መዘግየት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም ሰውየው ወንድሙ ከተቀበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚያለቅሰው። ሁለት ሰዎች ሲያለቅሱ በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ካለ፣ አብረው አለቀሱ ይባላል?

የውዝዋዜውም ጥያቄ ይኸው ነበር።

መምህርቷ በዚያ ቀን ከጨርቁ ላይ ሆና ወደ እኔ ዞረችና «ጋሼ፣ እኮ ማን ነው የሚያወጣው?» አለችኝ። ዘፈን የሚያወጣው ማን፣ የሚቀበለው ማን እንደሆነ መጠየቋ ነበር። እኔም ሳላስብ «እኛ እዚህ» አልሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ኋላ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አላኮራኝም። አዳራሹን የተከራየነው እኛ ነን። ገንዘቡ የተገኘው እዚህ ነው። ተመልካቹም እዚህ ይቀመጣል። እስክስታን ከእሷ ሊማሩ የተሰበሰቡ ልጆች፣ ገመዱ በእነሱ በኩል ስለተከፈለ ብቻ፣ እሷን እንዲመሩ ፈረድሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ «ይሁን፣ እንሞክረው» አለች። ሞከርነው፤ እንደማይሆን ለሁሉም ታየ፤ ጥያቄዋም እንደ ተሰቀለ ቀረ።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብናየው የኛ አገር ጨዋታ በአንድነት መምታትን ያን ያህል የሚያመልክ አይደለም። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ በባሕርዩ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ ካልዘገየማ ምኑን ተቀበለ? በቤተ ክርስቲያናችን ማሕሌትም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚመሯቸው መዘምራን በሁለት ወገን ትይዩ ቆመው እየተቀባበሉ ነው ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን የሚያደርሱት። በእስክስታም ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ አንዱ ትከሻውን ጥሎ «እንግዲህ አንተ» በሚል ዓይን ይቆማል፤ ሌላው ያነሣዋል። ቋንቋችንም ቃሉን አስፍቶታል። ዘፈን እንቀበላለን፤ እንግዳ እንቀበላለን፤ አደራ እንቀበላለን። እዚህ አገር ደግሞ ስደተኛ የሚሰፍርበትን ቦታ «መቀበያ» ብለን ተርጉመነዋል፤ በዚያ የኖረ ሰው ቃሉ ከሌሎቹ ሦስት ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል።

በጁን 29 ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ተዘጋ። ነጩ ጨርቅ ጨለመ። የስልኩ መስመር አልፎ አልፎ ይሠራ ነበር፤ መምህርቷን ግን አላገኘናትም። ከልጆቹ አንዱ ግን የቀደሙትን ልምምዶች ቀርጾ አስቀምጦ ኖሯል። «በቀረጻው እንለማመድ፣ ጊዜ አናባክን» አለ፤ ሁሉም ተስማማ፤ እኔም ተስማማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር ገጠመ። ቀረጻ አይዘገይም፤ አይጠብቅምም። እሷ ትከሻዋን ስትጥል ስምንቱ ትከሻ አብሮ ይወድቃል፤ ጭብጨባው እንደ አንድ እጅ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ልምምድ አላየሁም። ልጆቹ በደስታ ተቃቀፉ፤ ሕጉንም ረሱት።

እኔ ደስታው ውስጥ መግባት አቃተኝ። ሴትዮዋ በሕይወት መኖሯን እንኳ አናውቅም ነበር። ከእሷ ጋር ያለን መግባባት ከሁሉ በላይ የተሳካው እሷ በሌለችበት ሳምንት ሆነ። እንዲህ ያለውን ስኬት ምን ልበለው? አንድ ሰው የእናቱን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ የማያውቅ መሆኑን ቢያወራ፣ አልዋሸም፤ ፎቶግራፍ አይጣላማ። ብዙዎቻችን አገራችንን የምንወዳት እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ። በወጣንበት ቀን የቀረጽናት አገር አለችን፤ ከእሷ ጋር ምታችን አይዛነፍም። እውነተኛይቱ ስትደውል ግን ድምፁ ይቆራረጣል፤ የምትለውም ከቀረጻው ጋር አይገጥምም።

መስመሩ ተከፍቶ መምህርቷ ስትመጣ ልጆቹ የደረሱበትን ሊያሳይዋት ጓጉ። አንደኛው ልጅ፣ በዘ ሄግ የድምፅ ሥራ የሚማረው፣ አንድ ብልሃት አመጣ። እሷ ታውጣ፤ ከቢልመር ወደ እሷ የሚሄደው ድምፅ ግን ይዘጋ። የእኛን ዘግይቶ የሚደርስ ጭብጨባ ካልሰማች አትጠብቀንም፤ ምቷም አይሰንፍም። እኛ እዚህ በምንሰማው ምት እንገጥማለን፤ ተመልካቹ ፍጹም አንድነት ያያል። ብልሃቱ ትክክል ነበር፤ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ተረጎምሁላት። ጥቂት ዝም አለችና «ሳልሰማችሁ አልጨፍርም» አለች።

ልጆቹ ግትርነት መሰላቸው። እኔ ግን ጉዳዩ ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በብልሃቱ ብንስማማ አንድነቱ የሚኖረው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በቢልመር ያለው ተመልካች አሥራ አራት ሰው በአንድ ልብ ሲጨፍር ያያል፤ አዲስ አበባ ያለችው ሴት ማንም ሳይቀበላት በዝምታ ውስጥ ብቻዋን ታወጣለች። አብሮነቱን እኛ እንበላዋለን፤ ብቸኝነቱን እሷ ትከፍላለች። በሩቅ አገር ካሉ ሰዎች ጋር የምንሠራው ሥራ ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢመዘን መልካም ነው እላለሁ፤ ውበቱን የሚያየው ማን ነው? መዘግየቱን የሚሸከመውስ?

በዚህ ረገድ የሆላንድ አገር አንድ ጥሩ ምሳሌ ሰጥታናለች፤ ብዙው አንባቢ ያውቀዋል። ዚ ኤክስ የሚባሉት የአምስተርዳም ሙዚቀኞች በ2004 የቡድናቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ የሳክስፎኑን ጌታቸው መኩሪያን ጋበዙ። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን ከጀግና አፍ አንሥተው በሳክስፎን ያናገሩ ሰው ናቸው። እንግዳ ተደርገው መጡ፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ሰሙ፤ ከዚያም ለሚቀጥለው አልበማቸው አጃቢ እንዲሆኗቸው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ዜማው የጌታቸው ነው፤ ከሳቸው በብዙ የሚያንሱት ነጮች በኤሌክትሪክ ጊታራቸው ተቀባይ ሆኑ። እስከ ዕድሜያቸው ማምሻ አብረው ዞሩ፤ ጌታቸው በ2016 ኤፕሪል አረፉ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይም ከእነዚሁ ሙዚቀኞች ጋር በየመድረኩ ትከሻውን ጥሏል። በወጣትነቱ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊት ባንኮኒው ሥር ይተኛ የነበረ፣ ኋላም ቤቱን ራሱ ተረክቦ ያስፋፋ ሰው ነው። ሆላንዶቹ ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሱ በኢትዮጵያውያን ታዳሚዎች ፊት መጫወታቸውን ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ፤ ተቀባይ አንድ ቀን ደጅ ወጥቶ አውጪው ቤት መሄድ አለበትና። ካዛንቺስ በ2024 ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ «አውጪው ቤት» የት እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት ማስረዳት ከብዷል።

ሌላም ይጠቀሳል። በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን ቡድን ወለደ። ከዚያ የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ በ2009 ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ደርሰዋል። ያ ሥራ በስክሪን አልነበረም፤ ሰውየው ከልጆቹ ጋር በአንድ ወለል ላይ ላብ አፍስሷል።

ሁሉም መጓዝ የሚችል ቢሆን ጽሑፌን እዚህ ላይ ባበቃሁ። ቢልመር ግን መጓዝ ያልቻሉ ሰዎች ሰፈር ነው። ከ1968 ጀምሮ ሰው የገባባቸው እነዚያ የንብ እንጀራ የሚመስሉ አሥር አሥር ፎቆች የተሠሩት ለሆላንድ መካከለኛ ቤተሰብ ነበር፤ እሱ ሳይመጣ ቀረና በ1975 ነጻ ከወጣችው ከሱሪናም የመጡት ሞሉት፤ ቀጥሎም ጋናዎች፣ ቀጥሎም እኛ። በኦክቶበር 4 ቀን 1992 የእስራኤል ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ከሁለቱ ፎቆች ላይ ወድቆ 43 ሰው ሞተ ተባለ። ወረቀት የሌላቸው ነዋሪዎች በመዝገብ ስላልነበሩ ቁጥሩን እስከ ዛሬ የሚጠራጠር አለ። በስፍራው ከእሳቱ የተረፈች ዛፍ ቆማለች፤ ሰዎች ሁሉን ያየች ዛፍ ይሏታል።

የሱሪናም ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ ጁላይ 1 በ1863 ባርነት የተሻረበትን ቀን ያከብራሉ፤ ምንም እንኳ አባቶቻቸው እስከ 1873 በግዴታ ሲሠሩ ቢቆዩም። በዚያ ቀን የሚያደርጉት ሰልፍ «ቢጊ ስፒክሪ»፣ ማለትም ትልቁ መስተዋት ይባላል። በፓራማሪቦ ጎዳና አምረው ሲያልፉ በሱቆቹ መስኮት ራሳቸውን ያዩ ስለነበር ነው ይላሉ። የእነሱ ቅድመ አያቶች ከአፍሪካ ሲወሰዱ ከኋላቸው ምንም ገመድ አልተዘረጋም። አውጪው በባሕር ማዶ ቀርቷል፤ ተቀባዮቹ ግን ለሁለት መቶ ዓመታትና ከዚያ በላይ፣ ማንም ሳይሰማቸው፣ በትከሻቸውና በእግራቸው ሲቀበሉ ኖሩ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ሩብ ሴኮንድ ምን ያህል ቅንጦት ነው! ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዲቱ «እነሱ እኮ የሚጠብቁት አልነበራቸውም፤ እኛ አለን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህች ልጅ እናትና አባቷ ከመቀሌ ናቸው። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘጋ። ለእሷ አያት የተዘጋው መስመር ሦስት ሳምንት አልፎት አልተከፈተም። በአዳራሹ ግን የአዲስ አበባው ጨርቅ በየቅዳሜው ይበራል፤ እኛም እንጨፍራለን። ሁለት ቅዳሜ መጣች፤ ጥግ ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጠች፤ ሦስተኛው ላይ ቀረች። ከእኛ አንዳንዶቹ «ፖለቲካውን ወደ ጭፈራ አመጣችው» አሉ። አላመጣችውም። አያቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳታውቅ በሌላው ሰው መስመር ላይ እንድታጨበጭብ መጠበቃችን ነው የሚገርመው። እኔ ስልክ መደወል ነበረብኝ፤ «ልጅቱን ባላስጨንቃት» ብዬ ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ቀን የሳቅሁበትን መጠባበቅ ማለት ነው። ስደውልላት አራት ወር አልፎ ነበር፤ በትሕትና አመሰገነችኝ፤ አልተመለሰችም።

በ2021 መምህርቷ ለትርኢቱ እንድትመጣ ጠየቅን፤ ቪዛ ተከለከለች። የመመለሷ ነገር አላሳመነንም የሚል አንድ ገጽ ደረሳት። ለወራት ከአገሯ ሆና አገሯን ለልጆቻችን ስታስተላልፍ የኖረች ሴት ናት፤ የማትመለስ ትሆናለች ተብላ የተጠረጠረችው እሷ። ደብዳቤውን የተረጎምሁላት እኔ ነኝ፤ ከተረጎምኋቸው ሁሉ አጭሩ ነበር።

ትርኢቱ በኦክቶበር ተደረገ። በእሷ ቃል ተስማምተን ነበር፤ ድምፅ በሁለቱም በኩል ክፍት ይሁን፣ በአንድነት መምታት ይቅር፣ እየተቀባበልን እንሥራ። እሷ ታወጣለች፤ ትቆማለች። ትከሻዋ የወደቀበት ምት ለእኛ ይደርሳል፤ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ የእነሱ መልስ ተጉዞ እሷ ዘንድ እስኪደርስ መድረኩ ላይ አንድ ሴኮንድ ያህል ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ታወጣለች። በገንዘብ የረዱን ሰው ከልምምዱ በኋላ ጠጋ ብለው ያንን ዝምታ በከበሮ ብንሞላው አይሻልም ወይ አሉ። አይሻልም አልናቸው። ከመድረኩ መካከል አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ተትቷል። ልጆቹ በዙሪያው ጨፈሩ፤ ማንም አልረገጠውም። ተመልካቹ በመጀመሪያው ዝምታ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ተንጫጫ፤ በአራተኛው ላይ ግን ትንፋሹን ይዞ አብሯት ይጠብቅ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሱሪናማዊት አሮጊት በየዝምታው እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ እያነሡ መልሰው ሲያኖሩ አየሁ።

ሲያልቅ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ የእኛ ጭብጨባ ገና አልደረሳትም ነበርና በዝምታ ውስጥ ነው እጅ የነሣችው። ከዚያ ቀና ብላ ገመዱን ልትነቅል ወደ ግድግዳው ዘወር አለች። እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ደረሰባት። ቆመች። ጀርባዋን እንደ ሰጠችን፣ አንድ ትከሻዋ ብቻ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደቀ።